ጋሼ ሞተራቸውን ያሳረፉበት ዊንተር

አትላንታ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ኖቬምበር ሲገባ መወሰን አለበት። ወይ ሞተሩን አጥቦ፣ ዘይቱን ቀይሮ፣ ባትሪውን ቻርጀር ላይ አድርጎ እስከ ማርች ያስቀምጠዋል፤ ወይ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ገዝቶ መንዳቱን ይቀጥላል። የከተማው አየር ለሁለቱም ይመቻል። ብርዱ አንድ ሳምንት ጠንክሮ በሚቀጥለው ይለቃል፤ በጃንዋሪ መሀል እንኳ ሰው በቲሸርት የሚወጣበት ቀን አለ። እኔ ከሚያስቀምጡት ወገን ነኝ። ጋሼ ከማያስቀምጡት ነበሩ።

ጋሼ የምላቸው ቸርች የተዋወቅኳቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ ማሪዬታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ፤ ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ጋር ከመጡ ወዲህ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን በአልጋ እየገፉ ከክፍል ክፍል ያደርሳሉ። እኔ ኖርክሮስ አፓርታማ ውስጥ ስለምኖር ጋራዥ የለኝም። ስለዚህ በየዓመቱ ሞተሬን የማሳርፈው እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሥራዬን ስሠራ እሳቸው በሩን ተደግፈው ይስቁብኛል።

«አሁን ይሄም ብርድ ሆኖ ነው? ሞተር የሚታመመው ሲቆም ነው። ንዳው እንጂ!»

«ጋሼ፣ እኔ ወድቄ አይቼዋለሁ» እላቸዋለሁ።

እውነቴን ነበር። አንድ ጃንዋሪ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ድልድይ ላይ ያላየሁት በረዶ አንሸራቶኝ የትከሻዬ አጥንት ተሰብሯል። ሆስፒታል ድረስ መጥተው ወደ ቤት የወሰዱኝ ጋሼ ነበሩ። እሳቸው ግን በማግስቱ ያንኑ ድልድይ በሞተር ተሻግረው ሥራ ገቡ።

ባለፈው ኖቬምበር ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዴ ሞተሬን ይዤ ስመጣ የሳቸው ሞተር ጋራዡ መሀል ታጥቦ ቆሟል።

«የእኔንም አብረን እናስቀምጠው» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ከቤት ወደ ጋራዡ በሚያስገባው በር ብቅ ብለው ሰሙ።

«ተመስገን!» አሉ። «ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። አንተ ነህ ያሳመንከው አይደል?»

እኔ ምንም አላሳመንኩም።

ሥራውን ከሳቸው ሞተር ጀመርን። ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ፈሳሽ ታንኩ ውስጥ ከትተን ነዳጁን እስከ አፉ ሞላነው። ፈሳሹ ሁሉም ጋ እንዲደርስ ሞተሩን አስነስተን ጥቂት ደቂቃ አቆየነው። የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና ቅባት ቀባሁ፤ አይጥ እንዳይገባ ጭስ የሚወጣበትን የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ወተፍኩ። ዘይቱን ግን «እኔ ራሴ ነኝ የምቀይረው» አሉ። አሮጌውን አወረዱት፤ ቡሎኑን መልሰው ካጠበቁ በኋላ መፍቻውን በግራ ጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጡ። ከዚያ ሲፈልጉት አጡት። አጠገባቸው ያለውን መፍቻ ሲሚንቶው ላይ በመዳፋቸው እየዳበሱ ፈለጉ። አዲሱን ዘይት ሲሞሉ ደግሞ ግማሹ ከቀዳዳው ውጪ ፈሰሰ።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አሉ።

እጃቸውን አየሁት። አልተንቀጠቀጠም።

«በል ክዳኑን አቀብለኝ» አሉ፤ ፊታቸውን ቀድሞ ወደነበርኩበት ወደ ፊት ለፊታቸው አዙረው። እኔ ግን በግራ በኩል መጥቼ ትከሻቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ክዳኑን ዘርግቼላቸዋለሁ። እጄ ከፊታቸው አንድ ክንድ አይርቅም።

«ጋሼ፣ አያዩኝም እንዴ?»

ደንገጥ ብለው ዞሩ። ወደ ቤቱ በር ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በግራ በኩል አይታየኝም። ጨልሟል» አሉ። «ሰመር ላይ ነው የጀመረው። ባለፈው ሳምንት አልጋ ስገፋ ከበሩ መቃን ጋር አጋጨሁት። የተኛችው ሴትዮ ጮኸች። ይቅርታ ብዬ አለፍኩ። ሞተሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካሁትም።»

«ሐኪም ምን አለ?»

«አልሄድኩም።»

«እትዬስ?»

«አታውቅም። ለብርዱ ያስቀመጥኩት መስሏት ደስ ብሏታል፤ ተዋት።»

ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። እትዬ የሚሠሩት ኬኔሶ በምትባል ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። መንጃ ፈቃድ ቢኖራቸውም ሃይዌይ ስለሚፈሩ ለዓመታት መሪ አልያዙም። በየማለዳው ሥራ የሚያደርሷቸው ጋሼ ናቸው።

«ጋሼ፣ መኪናውንስ?»

በጨርቅ የፈሰሰውን ዘይት መጥረግ ያዙ።

«መኪናውንም ማቆም አለብዎት። ዛሬውኑ ይንገሯቸው።»

«አንተ ልጅ፣ በቤቴ አትዘዘኝ» አሉ። እንደዚያ ተናግረውኝ አያውቁም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጊዜ ስጠኝ» አሉኝ።

«እስከ ሚቀጥለው ሳምንት እሑድ» አልኩ። «ከዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ባትሪዎቹን አውጥተን፣ ሁለቱን ሞተሮች ሸፍነን ተለያየን። ጋሼ እንደ ወትሮው እስከ ደጅ አልሸኙኝም። በማግስቱ ቸርች ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ተቀበሉ። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሱም። እኔም ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አደጋ ደረሰ ሊሉኝ ነው እያልኩ ተሯሩጬ አነሳ ነበር።

በቀጠሮው እሑድ ቸርች ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መኪናቸው እየተንቀረፈፈ ገባ። መሪውን የያዙት እትዬ ነበሩ፤ ሁለት መስመር ላይ ተንጋደው ፓርክ አደረጉ። ጋሼ ከጎናቸው ወርደው ሳያዩኝ ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ ግን ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው አብጧል።

«ትናንት ነገረኝ» አሉ። «አንተ መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያን ቅዳሜ።»

«አንድ ሳምንት» አሉ። «ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሥራ ስሄድ አንተ ታውቅ ነበር።»

ጋሼን ላለማዋረድ ነው ልል አሰብኩ፤ አፌ ላይ ሲደርስ አፈርኩ። ለአንድ ሽማግሌ ክብር ብዬ የሚስታቸውን ነፍስ፣ በዚያ መንገድ የሚያልፈውንም ሰው ሁሉ፣ ለሳምንት አሲዤ ነበር። ምንም አልደረሰም። ምንም ባይደርስም እስከ ዛሬ አልቀለለኝም።

የዓይን ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን ጠብታ ታዘዘላቸው፤ ዲሴምበር ላይም ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሆስፒታሉ አልጋ ከመግፋት አውጥቶ ዕቃ ክፍል አዛወራቸው። እትዬ በየማለዳው ቀኙን መስመር ሳይለቁ ኬኔሶ መመላለስ ጀመሩ። ለገና ምሳ ሲጠሩኝ ይቅርታ እንዳደረጉልኝ ገባኝ፤ ነገሩን በአፍ አላነሱትም።

ፌብሩዋሪ ላይ ብርዱ የለቀቀበት አንድ ቅዳሜ ጋሼ ደወሉልኝ።

«ሞተሩን አውጣልኝና ንዳው፤ እኔ ከኋላህ ልቀመጥ» አሉ።

«እትዬ ምን አሉ?»

«በመኪና ከኋላ እከተላለሁ አለች።»

ባትሪውን መለስኩ፤ ከማርሚታው ጨርቁን አወጣሁ። ሞተሩ ገና ስነካው ተነሣ። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው ከኋላዬ ወጡ። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጭር ያለ መንገድ ሄድን፤ እትዬም ራቅ ብለው የአደጋ መብራት እያብለጨለጩ ተከተሉን። ጋሼ የሞተሩን ድምፅ በጆሯቸው ብቻ እየሰሙ ያዝዙኛል። «ማርሽ ቀይር… አሁን። አትቸኩል።» አንዴ በስፖኪዮው ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ኤፕሪል ላይ ሞተሩን የሚገዛ ሰው መጣ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ካቴናውን አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳበሱ አሳዩት። ሰውየው በንጽሕናው ተገርሞ «እንዲህ ያለ ሞተር ለምን ይሸጣሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቀና አሉና ሰውየው በቀኝ በኩል እንዲሆንላቸው ትንሽ ዞሩ።

«ዓይኔ አያይም» አሉት፤ ቁልፉንም በእጁ አኖሩለት።