ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት ወረቀት

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ጀፕስታውን በሚባለው ሰፈር፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የቀጠረኝም በአባቴ ቃል ነው። ውል የሚባል ነገር አልነበረንም። የሀገር ልጅ እንዴት በወረቀት ይተሳሰራል ይባላል፤ ማባረር ሲፈልጉ ደግሞ ይኸው ይጠቅማቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት የአንዲት ጓደኛችን ፀጉር ቤት ውስጥ አምስት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ሁላችንም ወይ ተባረናል፣ ወይ ማንን እንደምናፈቅር ከታወቀ እንባረራለን ብለን እንሰጋለን። በዚህ ሀገር ሕግ ሰው በዚህ ምክንያት ከሥራ አይባረርም የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈን አባዛንና ከሱቅ ሱቅ እየዞርን አደልን። አንዳንዱ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አንዳንዱ ፊታችን ላይ ቀደደው። ለአለቃዬም አንድ ሰጠሁት። ድፍረትም ጅልነትም ነበር፤ አልጸጸትም።

አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። "ይሄ አንቺን ይመለከታል?"

"አዎ፣ ጋሼ። ሴት ነው የምወደው።"

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለ። "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

የሠራተኛ ክርክር ወደሚሰማው ቢሮ ሄጄ ከሰስኩት። እሱ ደግሞ "ሥራ ስለቀዘቀዘ ቀነስኳት" ብሎ በጽሑፍ መለሰ። ሲያባርረኝ ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ምስክር አልነበረኝም። ተናደድኩ። ከተሸነፍኩ ሥራዬን ማጣቴ ብቻ አይደለም፤ ወረቀታችንን ኪሳቸው የከተቱት ሁሉ ሕጉ ለእኛ አይሠራም ብለው ሊቀሩ ነው።

ከዚያ አለቃዬ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣብኝ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ከከተማው ወጣ ባለው ኦሬንጅ ፋርም፣ ከአባቴ ስፓዛ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ ጀርባ ባለችው ቤታችን፣ ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትሎ ገባ።

"ልጄ፣ እኛ እያለን የመንግሥት ቢሮ ምን ያስኬድሻል?" አለ ትልቁ ሽማግሌ፤ አስቀድመው የጻፉትንም የእርቅ ወረቀት አነበበልኝ። "በግብረ ሰዶማዊነቷ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተችው ልጃችን ንስሐ ገብታ ክሷን ካነሳች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች" ይላል።

ደሜ ፈላ። ግን ጆሮዬ "ምክንያት" የምትለዋ ላይ ቀረ። በእነሱ ደንብ የጠቡ መነሻ በሐሰት ከተጻፈ እርቁ እርቅ አይደለም፤ ስለዚህ እውነቱን ቁልጭ አድርገው ጻፉት። አለቃዬ ፈረመ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፣ አባቴም በእኔ ወገን ፈረመ። እንደ ልማዱ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቅጂ ተዘጋጅቷል።

"እኔ አልፈርምም" አልኩ። "ቅጂዬን ግን እወስዳለሁ።"

ማንም አልከለከለኝም። ልቧ ሲበርድ ትፈርማለች ብለው ነው።

የቢሮው ቀጠሮ ሲደርስ ወረቀቱን አስተርጉሜ ክሱን ለምትሰማው ዳኛ ሰጠኋት። አለቃዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ፊርማው የእኔ አይደለም፤ ራሷ ጽፋው ነው" አለ። ዳኛዋ ፈራሚዎቹ ይጠሩ አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቀሩ። አባቴ ግን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከዚያች እሑድ ወዲህ አላናገረኝም፤ ይክደኛል ብዬ ነበር።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። "ፊርማው የእኔ ነው" አለ። "እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ፈርሟል። የልጄን መንገድ አልወድም። የተባረረችው ግን ለዚህ ነው። ሥራ ቀዘቀዘ የሚለው ውሸት ነው።"

አስተርጓሚው ሲጨርስ አለቃዬ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ዳኛዋ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ወሰነች። ካሳ ይሻልሻል ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ የምፈልገው ግን እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ እንዲያዩኝ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ከፊታችን ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሉ። አባቴ በመስኮት እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ደግፌሽ የመጣሁ እንዳይመስልሽ" አለኝ። "መዋሸት ስለማልችል ነው።"

"እኔንም ያስባረረኝ መዋሸት አለመቻሌ ነው፣ አባዬ" አልኩት።

ከፊት ያሉት ዞረው አዩን። ድምፄን አልቀነስኩም።