ከቤት ያልወጣችው ነጥብ

ይህን ለሚስቴም፣ ለኅብረታችን መሪም ተናግሬው አላውቅም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ተንበርክኬ ለጌታ ልነግረው ስጀምር ደግሞ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ አንተ ስማኝ። እንድታጽናናኝ ግን አይደለም።

ሳዑዲ፣ ኮባር ከተማ ውስጥ ለሱቆች ዌብሳይት እሠራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ የሐበሻውን ስልክ የምፈታታው እኔ ነኝ። የተቆለፈውን መክፈት፣ ስክሪኑ የሞተውን ማውስ ሰክቶ ማዘዝ፣ ምን አቅቶኝ! «እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ ልቤ ያብጥ ነበር።

ዘነበች አል ዑለያ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ ስልክ የሰጠቻት ሎኬሽኗን ካርታ ላይ በነጥብ እያየች ልትቆጣጠራት ነው። እህቷ አልማዝም ሆሳዕና ሆና ያንኑ ነጥብ ታያለች። ዓርብ ዓርብ ማዳሟ ከነልጆቿ እናቷ ጋ ምሳ ትሄዳለች፤ ያኔ ዘነበች ሰይሃት ከተማ መጥታ ከእኛ ጋር መጸለይ ፈለገች። ቴሌቪዥን ከፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርባት አንዲት ክፍል ነበረችን። «ወንድሜ፣ አንተ ዘዴ አታጣም» አለችኝ።

አላጣሁም። አንድ አሮጌ ስልክ በእሷ አካውንት ከፈትኩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የስልኩን የሥሪት ቁጥር ሰባት ጊዜ ስትነካው «አሁን ዲቨሎፐር ሆነሃል» ይልሃል፤ ከዚያ የሐሰት ሎኬሽን መስጠት ትችላለህ። የማዳሟን ቤት ሰጠሁት። የያዘችውን ስልክ ደግሞ ከማዳሟ ካርታ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ዘነበች የትም ትሂድ፣ ለሚያያት ሁሉ ቤት ናት። እንዴት ኮርቼ ነበር መሰለህ!

በሐምሌ ሙቀት አንድ ዓርብ «አዞረኝ» ብላ ጸሎቱ ሳያልቅ ብቻዋን ወጣች። ማዳሟ ቤት ስትገባ አጣቻት። ካርታው ግን እዚሁ ናት ይላል። ጎረቤት የምትሠራ እህታችን ኋላ እንደነገረችን፣ ሴትዮዋ ቁም ሣጥኑን፣ አልጋ ሥሩን፣ የማጠቢያ ክፍሉን ሁሉ በረበረች። ስልኩን ቤት ውስጥ ደብቃ ጠፍታለች፣ ኸላስ፣ አለችና ሁሩብ አስደረገቻት፤ ከአሠሪዋ ጠፋች ብላ ለመንግሥት አስመዘገበቻት። ጠፍታ የሄደችን ሠራተኛ መንገድ ላይ ማን ይፈልጋታል?

እኔስ? እኔማ አየኋት። ጸሎቱ ሲያልቅ በአካውንቷ ገብቼ እውነተኛውን ስልክ ፈለግሁት። ከሰይሃት ወደ ደማም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥላ የሌለው ባዶ መሬት ላይ ነበር። ባትሪው ዘጠኝ ከመቶ። አይንቀሳቀስም። ታክሲ እየጠበቀች ይሆናል አልኩ። በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ? ሄጄ ላነሳት፣ አምቡላንስ ልጠራላት እችል ነበር። ግን ወደ ሌላ ካፊል፣ ወደ ሌላ አሠሪ፣ የምዛወርበት ወረቀት ተሠርቶ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል፤ ፖሊስ «እንዴት አወቅህ?» ቢለኝስ? ለኅብረቱ ብዬ ነው አልኩ። ውሸቴን ነው፣ የፈራሁት ለራሴ ነው። ስምንት አለ፣ ሰባት አለ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንድ ከመቶ ላይ ደርሶ ነጥቡ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። አሸዋው ላይ የግራ እግሯ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር፤ ሌላ ማፊ፣ ምንም የለም። ማን አነሳት? ሆስፒታል ገባች? እስር ቤት? ወይስ ሬሳ ክፍል? አላውቅም። አልጠየቅሁማ!

አሮጌው ስልክ ግን ዓመት ሙሉ ቻርጅ እንደተሰካ መደርደሪያዬ ላይ ቆየ። ማዳሟ አሁንም ነጥቡን እያየች ዘነበች ትተኛበት የነበረውን ክፍል ግድግዳ ታንኳኳለች አሉ፤ አዲሷ ሠራተኛ እዚያ ብቻዋን አትቀመጥም። አልማዝ በየሳምንቱ ትጽፍልኛለች፦ «ጋሼ፣ ቤት ናት እኮ፤ ታዲያ ለምን አታነሳልኝም?» እኔም «ማዳሟ ከልክላት ነው፣ ደህና ናት» እላታለሁ። ይህን የምላት እኔ ነኝ። አንዳንዴ እኔው ራሴ ነጥቡን አይና «ተመስገን፣ ቤት ናት» እላለሁ፤ ከዚያ ዞር ስል መደርደሪያው ላይ ስልኩን አያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ገመዱን ነቀልኩት። ይቅር በሉኝ አልልም፤ በምን አፌ? ይህን ስጽፍ ዘጠኝ ከመቶ ቀርቶታል። ሲጠፋ አልማዝ ትደውላለች። አነሳላታለሁ።