አንሶላ የማጠፍ ተራ

ከኦስሎ ዳርቻ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ቦታ፣ አንዲት ኖርዌያዊት አሮጊት እርሻ አላቸው። በወጣትነታቸው እስራኤል ሄደው ኪቡትዝ በሚሉት የጋራ እርሻ ውስጥ ኖረዋል። እርሻቸውንም በዚያው ደንብ ነው የሚያስተዳድሩት። ሁሉም ከአንድ ማእድ ይበላል፣ ሥራው በተራ ይደርሳል፣ የበግ ጉዳይም ሆነ የሳሙና ጉዳይ በስብሰባ ይወሰናል። ከኦስሎው ሮምሶስ ሰፈርና ከአካባቢው የተሰባሰቡ የሐበሻ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ እዚያ አብረው እንዲኖሩ ሲፈቀድላቸው፣ እኔም ወጥ ሠሪ ሆኜ ተከተልኳቸው። ያውም በዓመት ፈቃዴ! ሌላው ሰው በፈቃዱ ስፔን ሄዶ ፀሐይ ይሞቃል፣ እኔ ድንች ልልጥ ሄድኩ።

የሄድኩት ግን ለድንቹ ብዬ አይደለም። አንዲት ልጄ ከእነሱ ጋር ነበረች፤ በጋው ሲያልቅ ደግሞ ሩቅ ከተማ፣ ትሮንድሄም ልትማር ትሄዳለች። ያሳደግኋት ብቻዬን ነው። ጠዋት ቢሮ ላጸዳ ስወጣ ተኝታ እተዋታለሁ፣ ማታ ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ። ሳትሄድብኝ አንድ በጋ እንኳ ልጥገባት ብዬ ነበር።

አሮጊቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርገው ደንቡን ነገሩኝ። «እዚህ የእኔ ልጅ፣ የእሷ ልጅ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሁሉም ነው።»

«ያ፣ ያ» አልኳቸው። በኖርዌይኛ እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ልጆቹ ወዲያው «ማሚ» ይሉኝ ጀመር። ማሚ ጨው የት አለ፣ ማሚ እግሬን ጋሬጣ ወጋኝ፣ ማሚ ዛሬም ምስር ነው እንዴ። የራሴ ልጅ ብቻ ምንም ብላ አትጠራኝም። ስትፈልገኝ አጠገቤ መጥታ ትቆማለች።

እሷ በጎቹን ከሚጠብቁት ጋር ስለተመደበች ለምሳ ሁሌ ትዘገያለች። እኔ ደግሞ ለቀረ ሰው ሳላስቀምጥ ማእድ ማቅረብ አልችልም፤ እጄ አይታዘዘኝም። የወጡን ደህና ደህናውን በሰሃን አወጣና ሌላ ሰሃን ደፍቼበት ምድጃው ጥግ አኖርላታለሁ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። ወጥ ሠሪዋ ለአንድ ሰው ለይታ ታስቀምጣለች ተባለ። ያነሣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ልጄ!

«ናይ፣ አይሆንም፣ ደስ አይለኝም» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ሌሎቹም ከሥራ ዘግይተው ይመጣሉ። ለምን ለእኔ ብቻ?»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሳቅ ብዬ «ተቀብያለሁ፣ ይታረማል» አልኩ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ተራ ሲደርሳት ከሌላ ጋር እየተቀያየረች ትሸሸኝ ጀመር። አፍራብኛለች ብዬ ደመደምኩ። ሌሊት ብርድ ልብስ ስር ገብቼ ስንት ነገር ስመልስላት አድራለሁ፤ ሲነጋ ግን ገንፎዬን አማስላለሁ።

የመጨረሻው ሳምንት መጣ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ማሰሮው ሽሮና ምስር ብቻ ሆነ። ጿሚውም የማይጾመውም ማእዱ አንድ ነውና እኩል ጾመ። ሻንጣዎች ከአልጋ ስር መውጣት ጀመሩ፣ ልጆቹ በሆነ ባልሆነው ይተቃቀፋሉ። እኔ ደግሞ የራሴን እያሰላሁ ነበር። ልጄ ከእርሻው ወደ ቤት ትመጣለች፣ ከመሄዷ በፊት ሁለት ሌሊት የእኔ ብቻ ትሆናለች። ጸጉሯን እሠራታለሁ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ አወራታለሁ። ለዚህም ብዬ አለቃዬን ለምኜ ፈቃዴን አስረዝሜያለሁ።

ሐሙስ ዕለት አንዱ ረጅም ልጅ ሽንኩርት ሊያግዘኝ ገብቶ፣ እንደ ዋዛ «ቅዳሜ ልጅሽን ባቡር ጣቢያ የምሸኛት እኔ ነኝ፤ ሻንጣዋ ከባድ ነው» አለኝ።

«የምን ባቡር?»

«የትሮንድሄም ነዋ። ከዚህ በቀጥታ ነው የምትሄደው።» ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። «አታውቂም እንዴ ማሚ?»

ጀርባዬን አዙሬ ሽንኩርቱን ቀጠልኩ። ደግነቱ ሽንኩርት ነበር።

በማግስቱ ቤቱን ለማስረከብ አንሶላው ሁሉ ታጠበ። ከረፋዱ ላይ ከገመዱ እየወረደ ይታጠፋል፤ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። ተራው የእኔና የዚያ ረጅም ልጅ ነበር። ቀና ስል የመጣችው ልጄ ናት።

«ተቀያይሬ ነው» አለች።

አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ሌላውን ያዝኩ። እንዘረጋለን፣ እናራግፋለን፣ ጫፍ ለጫፍ ለመግጠም ወደ መሃል እንመጣለን፤ እጇ እጄን ሲነካ መልሰን እንራራቃለን። ጥቂት አንሶላ እንዳጠፍን፣ ጫፉን እንደያዘች ቀና አለች።

«ማሚ፣ ባቡሩን ነገረሽ አይደል?»

«ነገረኝ።»

«እኔ ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ትሮንድሄም ደርሰሽ?»

አንሶላውን ደረቷ ላይ ሰብስባ ያዘችው። «ቤት ከገባሁ አልወጣማ! አልጋዬን ካየሁ፣ አንቺ ሻይ ይዘሽ ከገባሽ፣ አለቀ። ትምህርቱን እተወዋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።» አገጯን አንሶላው ላይ አስደገፈች። «ያንን የምታስቀምጭልኝን ምግብ እኮ እያለቀስኩ ነበር የምበላው። እዚያ ማን ያስቀምጥልኛል እያልኩ። ለዚያ ነው ስብሰባ ላይ ያነሣሁት። ልልመድ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ሌሊት የደረደርኩት ወቀሳ የት እንደገባ አላውቅም። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም፤ ልጄ አላፈረችብኝም። እዚያው ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር አፌ ድረስ መጣ። ተይው በቃ፣ ቅሪ፣ እዚሁ ኦስሎ ትማሪያለሽ። ይህንን ብል ትቀር ነበር። ዓይን ዓይኔን ስታይ፣ እንድላት የፈለገችም መሰለኝ።

«እንግዲያው ቤት አትምጪ» አልኳት። «ከዚሁ ሂጂ።»

በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አንሶላውን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩላት። የቀረውን አጥፈን ጨረስን።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ። በእርሻው ልማድ ትልልቆቹ በር ላይ ይቆማሉ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ያልፋሉ። ሁሉንም አቀፍኳቸው። ያ ረጅም ልጅ አጎንብሶ እስካቅፈው ጠበቀኝ። ልጄ ስትደርስ እሷንም ልክ እንደ እነሱ አቀፍኳት፣ ግንባሯን ሳምኳትና ለቀቅኳት።

አሮጊቷ አጠገቤ ቆመው ያዩኝ ነበር። ክንዴን ያዝ አድርገው «ግድ የለም፣ የአንቺ ልጅ ናት፣ ትንሽ ያዢያት እንጂ» አሉኝ።

«ናይ» አልኳቸው። «ከያዝኳት አልለቃትም።»