የአባቴ ወረቀት ዛሬ ተዜመ

ዛሬ አራት ኪሎ፣ የሥራ ስብሰባ ላይ፣ አባቴን በደርግ ጊዜ ያሳሰረው ወረቀት ሲዜም ሰማሁ!

ሥራችን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክቶች በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ የጋራ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። (በአንዷ ምልክት ስንት ቀን እንደምንጨቃጨቅ አትጠይቁኝ።)

አባቴ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለው ቤታችን ሲፈተሽ፣ በየፊደሉ መሃል ቁጥር የገባበት ጽሑፍ ተገኘበት።

"የህቡዕ ድርጅት ምስጢር ነው!" አሉት ፈታሾቹ።

"ኧረ የግእዝ ዜማ ነው! ታይፑ ምልክቶቹ ስለሌሉት ነው በቁጥር የጻፍኩት" አላቸው። ማን ይመነው? ሁለት ዓመት ታሰረ።

እናቴ አንዱን ገጽ ትራስ ውስጥ ሰፍታ አተረፈችው። እኔ ግን ሳድግ "ዜማ" ያለው ለማምለጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም "አባቴ የህቡዕ ድርጅት ሰው ነበር" እያልኩ ጉራ እነዛ ነበር።

ዛሬ ገጹን ዜማ ለሚያማክሩን ለየኔታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ማዜም ጀመሩ።

"አንድ ቁጥር የድፋት ምልክት ነው፣ ሁለት የሂደት... አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን ሠራው?"

"አባቴ።"

"እኛ የምንጨቃጨቅበትን እሳቸው በታይፕ ጨርሰውታል እኮ!"

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስኪሞት እውነቱን ሲነግረኝ ኖሮ፣ እኔም እንደ መርማሪዎቹ አላመንኩትም።

እናንተስ ቤት እውነት ተናግሮ ያልታመነ ሰው ነበር? እባካችሁ ንገሩኝ፤ ዛሬ ከዚህ ነገር ጋር ብቻዬን መቀመጥ አልቻልኩም።