ኢንሱሊን ይዤ ወደ ሥራ ስመለስ

ከሆስፒታል ወጥቼ ወገዳ ወደሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት ስመለስ አለቃዬ «ለጊዜው ቢሮ ብትቀመጪ አይሻልም?» አለኝ።

«ግዴለም፣ መስክ እወጣለሁ» አልኩት። ለእኔ ማሰቡ አላስደሰተኝም፣ አላስከፋኝምም። በዚያ ሰሞን ምንም ነገር ወደ ውስጤ አይዘልቅም ነበር።

መታመሜን እንጂ ስኳር እንዳለብኝ ለማንም አልተናገርኩም። ኢንሱሊኑን ሙቀት እንዳያበላሸው እቤቴ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጥኳት ትንሽ ገንቦ ውስጥ አኖረዋለሁ። ጠዋትና ማታ ሆዴን ቆንጥጬ እወጋለሁ። የሌላ ሰው ሆድ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የስንዴ ማሳ ለማየት ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ ጾም ስለሆነ ግን እህል አልቀመስኩም። ሐኪሙ እንዲህ እንዳላደርግ አስጠንቅቆኝ ነበር። ለክፉ ጊዜ የያዝኩትን ከረሜላም ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ረስቼዋለሁ።

ለገበሬዎቹ ስለ ስንዴ ዋግ በሽታ እያስረዳሁ ሳለ ቃል ጠፋኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ማሳው ዳር ተቀመጥኩ።

«ለክፏት ነው፣ ጠበል አምጡላት» አሉ አንዲት እናት።

ቦርሳዬ ሲወድቅ ጠዋት የተወጋሁበት የኢንሱሊን መርፌ ወጣ። ከገበሬዎቹ ጋር የነበሩት የደብሩ ቄስ አንስተው አዩት። «ስኳር በሽታ ነው። የወንድሜ ልጅም በዚሁ ነው የሚኖር። ቶሎ ማር አምጡ» አሉ።

አንዱ ገበሬ «አባ፣ ስኳር ላለበት ሰው ማር መርዝ አይደል?» አላቸው።

«ስኳሩ ሲወርድባትማ የሚያድናት እሱው ነው። ሂድ አምጣ።»

ሁሉንም እሰማለሁ። ስለማላውቃት ሴት የሚከራከሩ ይመስለኝ ነበር። ብትድንም ባትድንም ግድ አልነበረኝም።

ማሩ ሲመጣ ቄሱ በጣታቸው ድዴ ላይ ቀቡኝ። ጥቂት ቆይቶ ምላሴ ተፈታ። «አባ፣ ጾም እኮ ነው» አልኩ።

«የታመመ አይጾምም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ይህንኑ ነው የሚነግሩሽ» አሉኝ። ከዚያ በበቅሎ አሳፍረው ሸኙኝ።

በማግስቱ ስኳር እንዳለብኝ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ለምን ደበቅሽን?» አለኝ። አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ድንገት ቃል ካጠረኝ ምን እንደምታቀምሰኝ አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ሳልበላ አልወጣም፤ ሩቅ ቀበሌም ብቻዬን አልሄድም።

የንስሐ አባቴም ከጾሙ ፈቱኝ። እሳቸው ፊት እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። «በይ በርቺ» አሉኝ፤ መስቀል ተሳልሜ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።