ቡድኑን አልወለድሁም

ማንበብ ሳልችል በቡድን ውጤት እያሳለፉ አራተኛ ክፍል አደረሱኝ፤ በደሉ ይህ ነው።

ዘንድሮ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ በልጄ ክፍል መስኮት ስር ሳልፍ ዴስክ ሲጎተት ሰማሁ። ድምፁ ወደ ሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜያችን መለሰኝ። ዴስኮቹን ገጥመን ተቀምጠን፣ መምህራችን «መተባበር ማለት ወንፈል ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ወንፈልን አውቃለሁ፤ ዛሬ የጎረቤት ገብስ ታጭዳለህ፣ ነገ ጎረቤት ያንተን ያጭዳል። ግን የምታነበው ሁልጊዜ የቡድን መሪያችን ነበረች፤ እኔ ዴስክ እጎትታለሁ። እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?»

«ያንተማ ደርሷል፤ ዴስኩን መልስ!»

ልጆቹ አውካኩ።

«ቡድኑ ካለፈ አንተም አልፈሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ መምህሩ። ውለታ መስሎኝ ዴስኩን መለስሁ።

ፊደል የለየሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መስኮቱ ስር አልቀረሁም፤ ልጄ ክፍል ገባሁ።

«ልጄ ስታነብ ሳልሰማ አልወጣም» አልሁ።

«ጋሼ፣ ቡድኗ እኮ አንደኛ ነው» አለች መምህርቷ።

«እኔ የወለድሁት እሷን ነው፤ ቡድኑን አልወለድሁም!»

ልጄ ተነስታ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ተደናቀፈች። መምህርቷ አቀረቀረች፤ ከዚያ ሁሉም ልጅ በየተራው እንዲያነብ ወሰነች። ዕለቱ የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር፤ ለእኔ ልጄ ዳግም የተወለደችበት ቀን ሆነ።