«ጥማድ» ብዬ የጻፍኩት ጣጣ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ መጻፍ የጀመርኩ ዕለት፣ ሥራውን ያስለመዱኝ መሪጌታ ዘለቀ ጃንጥላቸውን ተከሉ፤ ካርቦኑን በሁለት ወረቀት መሃል አስገቡና «የሚፋታ ሰው ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ለመፋታት፣ ቀጥሎ መፋታቱን ለማስፈጸም። ሁለተኛው ይብሳል» አሉኝ። አላመንኳቸውም።

እውነታቸውን ነበር። ባለጉዳይ ውሳኔ ሲሰማ ያለቀለት ይመስለዋል። እኔ ይዤ አስቀምጬ እመክረዋለሁ፦ መጀመሪያ ማህተም ያረፈበት የውሳኔ ግልባጭ ያውጡ። ቀበሌ ሄደው ፍቺውን ያስመዝግቡ። ከዚያ የመሬት ደብተሩን ይዘው ወደ መሬት አስተዳደር ይሂዱ፤ ሁለት ፎቶ የተለጠፈበት አንድ ደብተር ሁለት ደብተር ይሁን። አልሰጥም የሚል ካለ የአፈጻጸም መዝገብ እንከፍታለን። አንዱ «ፎቶዋን በምላጭ ባነሳው አይበቃም?» ብሎኛል። አይበቃም።

ይህን ሁሉ የምመክር ሰው በአንዲት ቃል ጉድ ሆኛለሁ። ወይዘሮ ስለናት የሚባሉ የገጠር ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ይግዛው አልፈታም ብለው ብዙ አመላለሷቸው። በመጨረሻ መሬቱ እኩል ተከፈለ፤ ከብቱ ደግሞ እኔው በማመልከቻው እንደጻፍኩት «ጥማዱ ለሚስት፣ ላሞቹና በቅሎዋ ለባል» ተብሎ ተወሰነ። ጥማድ ያልኩት ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ነው። እኛ አገር ግን ጥማድ የመሬት መለኪያም ነው። እኔ አላሰብኩትም፤ ያሰቡት አቶ ይግዛው ናቸው።

ወይዘሮ ስለናት ተመልሰው መጡ። አቶ ይግዛው ሽማግሌ ሰብስበው አንድ ጥማድ መሬት ለክተው «ይኸው ጥማድሽ» ብለዋቸዋል። መሬቱም ቢሆን ቀድሞ በክፍፍሉ ለሚስት የደረሰ ነው። በሬዎቹ እዚያው ባልየው በረት ቀሩ።

«ዝናቡ ጥሏል» አሉኝ። «ወንድሜ ሞፈሩን አዘጋጅቶ ቆሟል። ምን ልጥመድለት? እርስዎን?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዘንድሮ ካልዘሩ ልጆቻቸው ከርሞ የሚበሉት የለም። በጣም አፈርኩ። ፍርዱ እንዲብራራ የሚጠይቅ ማመልከቻ እዚያው ጻፍኩ።

ዳኛዋ ከፍርዱ በኋላ የተመደቡ፣ ለአገሩ እንግዳ ናቸው። «ጥማድ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ይግዛው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መሬት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ሰጥቻለሁ፤ ምስክር አለኝ።»

ዳኛዋ የኔን የመጀመሪያ ማመልከቻ ቁልቁል አነበቡ። «ታዲያ መሬቱ ከላሞቹና ከበቅሎዋ ጋር ምን ሊሠራ ገባ?»

አቶ ይግዛው ትንሽ አሰቡ። «ሊግጡት ይሆናላ» አሉ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ፊታቸውን በወረቀቱ ጋረዱ። ቀጥለው በሬዎቹን በማግስቱ እንዲያስረክቡ፣ እምቢ ቢሉ ፖሊስ እንደሚያስረክብ አዘዙ።

ርክክቡ ላይ እኔም ነበርኩ። አቶ ይግዛው «ከቡሬ ገበያ በእግሬ ነድቼ ያመጣኋቸው ናቸው» እያሉ የአንዱን በሬ ሻኛ ዳሰሱ። አንጀቴን በሉት። ወይዘሮ ስለናት ግን ገመዱን ተቀብለው በሬዎቹን ነዱ። በዚያው ሳምንት ታረሰ።

አሁን ባለጉዳይ ግልባጩን ይዞ ሲወጣ ወደ ቤቱ አላሰናብተውም። አስቀምጬ፣ የተረታው ሰው ሆኜ አነብለታለሁ። ለሁለት የሚፈታ ቃል ካገኘሁ ይግባኝ ሳይሉን፣ ዝናብም ሳይመጣ እናስተካክለዋለን። ውሳኔ መጀመሪያ መነበብ ያለበት በተረታው ሰው ዓይን ነው።